በ«መጣ» እና በ«ሄደ» መካከል

መብራት በእኛ አገር እንግዳ ነው። «መጣ» እንላለን፤ «ሄደ» እንላለን። ሲመጣ የሰፈሩ ሕፃናት «ሆ!» ብለው ይቀበሉታል፤ ሲሄድ ግን የሚሸኘው የለም፤ ሁሉም በየኪሱና በየመሳቢያው ሻማና ክብሪት ፍለጋ ይሰማራል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ለመብራት የምንሰጠው ግሥ እምብዛም ነው። «በራ» እና «ጠፋ» ብንል እንኳ ያው ሁለት ነው። ወይ አለ፣ ወይ የለም። አከተመ።

አያቶቻችን ግን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር። ፋኖስ ያየ ያውቃል። በጎኗ አንዲት ትንሽ መዘውር አለቻት። ወደዚህ ስትጠመዘዝ ክሩ ከፍ ይላል፣ ወደዚያ ስትጠመዘዝ ዝቅ ይላል። እንግዳ ሲመጣ ከፍ፤ እንግዳው ሲተኛ ዝቅ፤ ጋዙ ሊያልቅ ሲል ደግሞ «ኧረ ክሩን ዝቅ አርጊው!» ይባላል። ኤሌክትሪክ ወደየቤታችን ሲገባ ከፋኖስ የበለጠ ብርሃን አገኘን። መዘውሯን ግን አጣን። ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ስለዚያች መዘውር ነው።

እኛ ሦስት ነን። አንዱ የሞጆ፣ አንዱ የመቂ፣ አንዱ የሻሸመኔ ልጅ። አዳማ ላይ ኤሌክትሪክ እንማራለን። ለመመረቂያ ሥራችን የያዝነው ርእስ «በማይክሮኮንትሮለር የሚታዘዝ የቤት መብራት ማደብዘዣ» የሚል ነው። በአጭሩ ዲመር። ርእሱን የሰሙ የዶርም ወዳጆቻችን ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «መብራት በሚሄድበት አገር የመብራት ማደብዘዣ? ማደብዘዙንማ ማታ ማታ በነፃ ይሠሩልን የለ እንዴ!» አሉን። ቀልዱ ጥሩ ነው፤ እኛም ስቀናል። ይሁንና ቀልዱን ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ የቀልድ አይደለም። ሰው መብራቱን ማግኘቱ ብቻ ይበቃዋል? ወይስ ካገኘው በኋላ ልክ ሊያበጅለት ይገባል?

*

ይህን ጥያቄ አዳማ ላይ ሆኖ መጠየቅ የራሱ ትርጉም አለው። የምንኖረው በብርሃን ጎተራ አጠገብ ነውና። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በአዋሽ ላይ፣ በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ አለ፤ አቅሙ 43.2 ሜጋ ዋት ነው። ከእርሱ ዝቅ ብለው ያንኑ ውኃ ደግመው የሚያሠሩት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው። አንድ ወንዝ ሦስት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ታታሪ ተማሪ በክፍላችን የለም። ኋላ ደግሞ ነፋሱ ተራውን ያዘ። አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2012 በ51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት በ2015 በ153 ሜጋ ዋት ሥራ ጀመሩ። ከከተማዋ ወጣ ሲባል እነዚያ ነጫጭ ምሰሶዎች ክንፋቸውን ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩ ይታያሉ። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ቆቃን ከመቶ ጊዜ በላይ መሆኑ ነው።

እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ቁጥሮች ናቸው። በትልልቅ ቁጥር መኩራት ደግ ነው። ግን ሜጋ ዋቱ ሁሉ ተጉዞ ተጉዞ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው አንዲት ክፍል ጣሪያ ላይ ወደተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ነው። እኛን ያሳሰበችን እርሷ ናት።

ክፍሏን እናውቃታለን። ፍራንኮ ሰፈር፣ ከመካከላችን አንዱ በተከራየበት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት ናት። አራት ሰዎች ይኖሩባታል። አባት የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ የጅቡቲ መስመር ይመላለሳሉ። እናት ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተው እንጀራ ይጋግሩና ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው። ክፍሏ አንድ፣ አምፖሏም አንድ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ችግሩ ይጀምራል። አባት፣ «እኔ ከጋላፊ ጀምሮ ዓይኔን ሳልከድን ነው የመጣሁት፤ አጥፊው በቃ!» ይላሉ። ልጅቱ፣ «አባዬ፣ ፈተና እኮ ደረሰ!» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የደከመ ሾፌር በማግሥቱ መሪ ላይ ቢያንቀላፋ የሚሆነውን የአዋሽን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የፈተናውም ነገር ቀልድ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ወንፊት ለማለፍ የአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ንባብ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ያቺ አምፖል ከ«አለ» እና ከ«የለም» ሌላ ቃል ስለማታውቅ፣ አባትና ልጅ ማታ ማታ ሳይፈልጉ ይቀያየማሉ።

እኛም በልባችን እንዲህ አልን። ርእሳችን እንግዲህ ይህ ነው። ለዚህች አምፖል ሦስተኛ ቃል እናስተምራት።

*

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኤሌክትሪክ ያልተማራችሁ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች አትሽሹ፤ ነገሩ ከዥዋዥዌ አይከብድም።

በሶኬታችን ውስጥ ያለው ኃይል እንደ አዋሽ በአንድ አቅጣጫ አይፈስም። እንደ ዥዋዥዌ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ ይመለሳል፤ በዚህም ምክንያት በመካከል ባለችው ባዶ ቦታ፣ ዜሮ በምንላት፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ያልፋል። ከአንዷ ዜሮ እስከ ቀጣይዋ ዜሮ ድረስ ያለው ጊዜ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። ዓይናችን ይህን አይለየውም፤ አምፖሉም ክሩ ግሎ ስለሚቆይ አይጠፋም።

ማደብዘዝ ማለት ከእነዚህ 10 ሚሊ ሰከንዶች ጥቂቱን መከልከል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ትራያክ የሚባል ሦስት እግር ያለው ዕቃ ነው። ትራያክን እንደ ግትር በር አስቡት። አንዴ «ክፈት» ካልከው ይከፈታል፤ ዥዋዥዌው ዜሮ እስኪደርስ ግን «ዝጋ» ብትለው አይሰማም። ዜሮ ላይ ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ ዘበኛው ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዜሮዋን ማየት፣ ጥቂት መጠበቅ፣ ከዚያ «ክፈት» ማለት። ብዙ ከጠበቀ ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ጥቂት ከጠበቀ ይደምቃል። ይህንንም በሰከንድ 100 ጊዜ፣ ሳይሰለች፣ ሳያንቀላፋ።

ይህን ዘበኝነት የሚሠራልን ማይክሮኮንትሮለር ነው። የእኛው ኤቲሜጋ 328ፒ ይባላል፤ ሰዓቱ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ይህም ማለት ለእኛ እንደ ብልጭታ የሆነችው 10 ሚሊ ሰከንድ ለእርሱ 160,000 ምት ናት። በመካከሉ ቡና ሊጠጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ግማሽ ጊዜ መጠበቅ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሰከንድ፣ በትክክል ግማሽ ኃይል ይሰጣል። ሩብ ጊዜ፣ 2.5 ሚሊ ሰከንድ፣ ብንጠብቅ ግን የምንቀንሰው ኃይል ሩብ አይደለም፤ 9 በመቶ ብቻ ነው። 7.5 ሚሊ ሰከንድ ብንጠብቅ ደግሞ የሚቀረን 9 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱም ዥዋዥዌው ጉልበቱ ያለው መካከሉ ላይ ነው፤ በዳርና በዳር ያለው ጊዜ ባዶ ለባዶ ነው። ስለዚህ መዘውራችንን ቀጥታ ከጊዜ ጋር ብናያይዛት፣ ስትዞር መጀመሪያ ምንም አታደርግም፣ መካከል ላይ ስትደርስ ድንገት ትወርዳለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ዝም ትላለች። ይህን ለማረቅ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ አስቀመጥን። እጅ መዘውሯን አንድ እርምጃ ሲያዞር ብርሃኑም አንድ እርምጃ እንዲሄድ። አያታችን ፋኖሷ ላይ ይህን ያለ ሠንጠረዥ ታደርገው ነበር፤ ለእርሷ እጇና ዓይኗ ይበቋት ነበር።

ሁለተኛው ነገር የዜሮዋ ነው። ዜሮዋን የሚያይልን ኦፕቶካፕለር የተባለ ዕቃ ነው። ይህ ዕቃ ከሁሉም ይልቅ ልባችንን የሳበው ነው። በሆዱ ውስጥ አንዲት ትንሽ መብራትና ፊት ለፊቷ ብርሃን የሚያይ ቅንጣት አሉ። ሁለቱ አይነካኩም። በመካከላቸው የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ነው። ከዚያኛው ወገን የሰው ገዳይ የሆነው 220 ቮልት፣ ከዚህኛው ወገን 5 ቮልት የሆነው ማይክሮኮንትሮለራችን፤ መልእክቱ በብርሃን ይሻገራል፣ ሞት ግን አይሻገርም። ወደ ትራያኩ «ክፈት» የሚለው ትእዛዝም እንደዚሁ በሌላ ኦፕቶካፕለር ተመልሶ ይሄዳል። ብርሃንን የምናዘው በብርሃን ነው ማለት ነው።

የኋለኛውን ዕቃ ለመግዛት መርካቶ ድረስ ወጥተን ነበር። የፈለግነው ሞክ 3021 ነው። ባለሱቁ ሞክ 3041 አወጡልንና፣ «ያው ነው ወንድሞቼ፤ ሁለቱም ሞክ ናቸው» አሉን። ስማቸው ያው ይሁን እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። 3041 ዜሮ ላይ ካልሆነ በስተቀር በር አያስከፍትም፤ ለማብራትና ለማጥፋት ብቻ የተሠራ ነው። በእርሱ ዲመር ቢሠሩ አምፖሉ ወይ ሙሉ ይበራል፣ ወይ ጭራሽ አይበራም። አየህ አንባቢ፣ ያ «መጣ» እና «ሄደ» በዕቃዎቹ ውስጥም አለ። ሞክ 3021ን በአራተኛው ሱቅ አገኘነው።

*

ስለ አደጋው ሳንናገር ብናልፍ ወንጀል ይሆንብናል። ሶኬት ላይ «220» ተብሎ የሚጻፈው አማካይ መለኪያ ነው፤ ዥዋዥዌው ጫፍ ላይ ሲደርስ 311 ቮልት ነው። ዕቃ የሚመረጠው በአማካዩ ሳይሆን በጫፉ ነው። ለምሳሌ ዜሮዋን ለማየት ከፋዙ ጋር የምናገናኘው ሬዚስተር አለ። አንድ ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ እኛ ግን ሁለት ባለ 47 ኪሎ ኦም በተከታታይ አደረግን። ሁለቱ በጠቅላላ ግማሽ ዋት ያህል ሙቀት ይከፋፈላሉ፤ ሩብ ዋት የሚችሉትን ብናደርግ ጠርዝ ላይ ይቆማሉና ግማሽ ዋት የሚችሉትን መረጥን። የሁለት መሆናቸው ሌላው ጥቅም አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲቆም ነው። «ይህችን ሳንቲም ምን ታመጣለች?» የሚል ሰው ኤሌክትሪክ ባይማር ይሻለዋል።

ስንሞክርም ሥርዓት ነበረን። የድሮ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሥርዓት ነው። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ። ምክንያቱም ጅረት ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲሻገር መንገዱ በልብ በኩል ነው። ሰሌዳውንም ከሶኬቱ ጋር በቀጥታ አላገናኘነውም። የሬዲዮ ጠጋኞች እንደሚያደርጉት አንድ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገባን። ጥፋት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይነግረናል፣ ዕቃውም አይቃጠልም። ካቻቢቴውን የያዘ አንድ ሰው፣ ብሬከሩ አጠገብ የቆመ አንድ ሰው፣ ዝም ብሎ የሚያይ አንድ ሰው። ሦስት መሆናችን የጠቀመን እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ጄኔሬተር ሊያስቸግር እንደሚችል አሰብን። አዳማ ላይ መብራት ሲሄድ ሱቁም ሆቴሉም ጄኔሬተር ያስነሣል፤ ጄኔሬተር ደግሞ እንደ ዋናው መስመር 50 ላይ ረግቶ አይቆምም። 53 ቢደርስ ከዜሮ እስከ ዜሮ ያለው ጊዜ ወደ 9.4 ሚሊ ሰከንድ ያጥራል። ዘበኛው «9.5 ጠብቅ» ተብሎ የታዘዘ እንደሆነ፣ ዜሮዋ ካለፈች በኋላ በሩን ይከፍትና የሚቀጥለው ግማሽ ሙሉ በሙሉ ያልፋል። ማለት፣ እጅግ ደብዛዛ ይሁን ብለህ ያዘዝከው ብርሃን ድንገት ቦግ! ስለዚህ ፕሮግራሙ ጊዜን በቃሉ እንዳይዝ አደረግነው። በሁለት ዜሮዎች መካከል ያለውን ርቀት ራሱ ይለካና ከለካው ላይ ክፍልፋይ ይወስዳል። የጎረቤት ጄኔሬተር ቢፈጥንም ቢዘገይም አብሮት ይሄዳል።

በዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ደግነት ጨመርንበት። የክር አምፖል ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው ሲግል ካለው ከዐሥር እጅ አንድ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሲበራ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ላይ ብዙ ጅረት ይጎርፍበታል። አብዛኛው አምፖል የሚሞተው እየበራ ሳይሆን ሲበራ ነው። ሕፃናቱ «መጣ!» ብለው ሲጮሁ አንዳንዱ አምፖል የሚሰናበተው ለዚህ ነው። የእኛ ዲመር ግን መብራት ሲመጣ ከታች ጀምሮ በአንድ ሰከንድ ውስጥ እያደገ ይሄዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው።

ሰሌዳው ሠራ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ፣ 60 ዋት አምፖል እንደ ፋኖስ ክር ከፍ ዝቅ ሲል ሦስታችንም ዝም ብለን አየነው። ማንም ምንም አልተናገረም።

*

ሰሌዳው የሠራው በክር አምፖል ነው። የፍራንኮዋ ክፍል ጣሪያ ላይ ያለው ግን 9 ዋት ኤልኢዲ ነው። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ የግቢው ባለቤት ሌላ ዓይነት አይፈቅዱም፤ ልክም ናቸው። 9 ዋቱ ኤልኢዲ የሚሰጠው ብርሃን ከ60 ዋቱ የክር አምፖል ጋር ይስተካከላል።

ተራው ኤልኢዲ አምፖል በውስጡ የራሱ ትንሽ መሥሪያ ቤት አለው። የሚመጣለትን ኃይል አስተካክሎ ለራሱ የሚያድል ነው። የተቆራረጠ ዥዋዥዌ ሲመጣለት «ቀንስ» ማለታችን መሆኑ አይገባውም። ወይ ሳይደበዝዝ ይቆያል፣ ወይ ይርገበገባል። በዚያ ላይ የሚወስደው ጅረት ትንሽ ስለሆነ ትራያካችን ተከፍቶ ለመቆየት የሚያስፈልገውን ያህል አያገኝም፤ በሩ በየመካከሉ ይዘጋል። የሚርገበገብ ብርሃን ደግሞ ለሚያነብ ሰው ከጨለማ ይብሳል።

«እንግዲያው የክር አምፖል እንስጣቸውና እናደብዝዝላቸው» አለ የመቂው ልጅ። የሻሸመኔው ወረቀትና እርሳስ አወጣ። ስሌቱ እነሆ። 5 ሚሊ ሰከንድ ጠብቀን ስንከፍት፣ ክሩ ስለሚቀዘቅዝና ተቃውሞው ስለሚቀንስ፣ 60 ዋቱ የሚበላው ከግማሽ ከፍ ብሎ ወደ 34 ዋት ነው። የሚሰጠው ብርሃን ግን ወደ ሲሦ ይወርዳል። ኃይሉ ሲቀንስ ብርሃኑ ከኃይሉ ፈጥኖ ይወድቃልና። ስለዚህ ለሲሦ ብርሃን 34 ዋት፤ ያ ሙሉ ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ 9 ዋት። አራት እጅ ያህል እየከፈሉ በሲሦ ብርሃን ማንበብ! ይህን ለሾፌር ቤተሰብ «ስጦታ» ብሎ መስጠት ኃጢአት ነው።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። የሞጆው ልጅ፣ «ርእሳችን የትራያክ ዲመር ነው። ሠርቷል። ነጥባችንን እናግኝና እንመረቅ፤ የሰው ቤት አንገባም» አለ። የመቂው፣ «ታዲያ ለማን ነው የሠራነው? ለመደርደሪያ?» አለው። ሁለቱም አልተሳሳቱም። መቼም እዚህ ግቢ ውስጥ ያለን ሁላችን ይህን ክርክር እናውቀዋለን። የመመረቂያ ጽሑፎች በየዓመቱ ይጠረዛሉ፣ ይደረደራሉ፣ አቧራ ይለብሳሉ።

ፍራንኮ ሄደን ለልጅቱ እናት ነገሩን እንደ ወረደ ነገርናቸው። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙንና አንድ ነገር አሳዩን። ካርቶን ቆርጠው፣ አጠማዘው፣ በአምፖሉ ዙሪያ ከጣሪያው በክር አንጠልጥለውታል። ብርሃኑ ወደ አልጋው እንዳይሄድ፣ ወደ ጠረጴዛው ብቻ እንዲወርድ።

«ልጆቼ» አሉን፤ «ብርሃኑ እኮ አልበዛብንም። የሚሄድበት ነው የበዛው።»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? የእኛ ጥያቄ «ብርሃኑን ስንት እናድርገው?» የሚል ነበር። የእሳቸው ደግሞ «ብርሃኑ ለማን ይድረስ?» የሚል ነው። የእሳቸው ጥያቄ ከእኛ ይቀድማል።

*

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ።

ትራያኩ ሰሌዳ ቦታውን አገኘ፤ ከሰው ክፍል ሳይሆን ከጫጩት ቤት። ቢሾፍቱ የዶሮ ከተማ ናት፤ የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም ስለ ዶሮ የሚያጠና ክፍል አለው። እናት የሌላቸው ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይሻሉ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰላቸው ይለምዳሉ። አርቢው የክር አምፖል ይሰቅልላቸዋል፤ ሲሞቃቸው ያነሣዋል፣ ሲበርዳቸው ያወርደዋል፣ ሌሊት ደግሞ ተነሥቶ ያያቸዋል። የክር አምፖል ከሚበላው ከዘጠና በመቶ በላይ ወደ ሙቀት መለወጡ በሰው ቤት ኪሳራ ነበር፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ራሱ ሙቀቱ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ ላይ አንድ ሙቀት መለኪያ ጨመርንለት። ሲበርድ ያደምቃል፣ ሲሞቅ ያደበዝዛል። አርቢው ይተኛል። ሰሌዳው ያው ነው፣ ፕሮግራሙም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

ለፍራንኮዋ ክፍል ደግሞ ከ220 ቮልት ጋር መጣላቱን ተውነው። አዳማ የባጃጅ ከተማ ናት፤ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሁሉም ሰፈር ይገኛል። በ12 ቮልት የሚሠራ፣ 5 ዋት የሚበላ የኤልኢዲ ቁራጭ ከጠረጴዛው በላይ አደረግን፤ የእናትየዋን ካርቶን ቅርፅ በቆርቆሮ አስመስለን ከለላ ሠራንለት። ማይክሮኮንትሮለሩ ይህንን ኤልኢዲ በሰከንድ 490 ጊዜ ያበራዋል ያጠፋዋል፤ በእያንዳንዷ ጊዜ ውስጥ በርቶ የሚቆይበትን ክፍል ሲያሳጥር ብርሃኑ ይቀንሳል። ዓይን መርገብገቡን አያይም። ኤልኢዲ ደግሞ እንደ ክሩ አምፖል አያታልልም፤ ብርሃኑ ግማሽ ሲሆን የሚበላውም ግማሽ ያህል ነው። እዚህ ላይ መቆጠብ እውነተኛ መቆጠብ ነው።

ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል እንኳ 5 ዋቱን በሙሉ ድምቀት ለስምንት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በግማሽ ድምቀት ደግሞ ወደ አሥራ ስድስት ሰዓት። መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፤ መብራት ሲሄድ ልጅቱ አትነሣም፣ ሻማ አትፈልግም፣ ገጹን አትገልጥም አታጥፍም፤ ማንበቧን ትቀጥላለች። በጎኑ አንዲት መዘውር አለች። አባት ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሲሆኑ ከፍ፣ ትንሹ ሲገላበጥ ዝቅ።

የሞጆው ልጅ፣ «ይህኛው ግን ለነጥብ አይቆጠርም» አለ። ነገር ግን ቆርቆሮውን የቆረጠው እርሱ ነው።

*

የትምህርት ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን የጻፍነው ለመመስገን አይደለም። ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ በሚቀጥለው ዓመት ርእስ ትመርጣላችሁ። ትራያኩም፣ ማይክሮኮንትሮለሩም፣ ሠንጠረዡም በየመጽሐፉ አሉ፤ ማንም ሊማራቸው ይችላል። የማይገኘው የሰው ክፍል ነው። የክፍሏን ጣሪያ ቀና ብላችሁ ሳታዩ፣ ሌሊት 10 ሰዓት የምትነሣዋን ሴት ሳትጠይቁ፣ ስሌት አትጀምሩ ለማለት ነው። ስሌቱም ቢሆን አይናቅ፤ ያ የ34 ዋትና የ9 ዋት ስሌት ባይኖር በጎ ፈቃዳችን ብቻ ቤተሰቡን ዕዳ ያሸክማቸው ነበር።

በአገራችን መብራት እየበዛ ነው። ወንዙም ነፋሱም እየሠሩ ነው። በበዛ ቁጥር ግን «መጣ» ብሎ እልል ማለት ብቻውን እየቀለለ ይሄዳል፤ «ስንት? ለማን? እስከ መቼ?» የሚሉት ጥያቄዎች ደግሞ እየከበዱ ይመጣሉ። የእነዚህ ባለቤቶች እኛ ነን።

ሰሌዳዎቹን ማየት የሚፈልግ፣ ንድፉንም መቅዳት የሚወድ ወደ ዶርማችን ይምጣ፤ በነፃ ነው። አንድ እጁን ግን ኪሱ ውስጥ ይክተት።

ልጅቱ ፈተናዋን ገና አልወሰደችም። ውጤቷን አምፖል አይወስነውም፤ እንዲህ ብለን አንዋሽም። እኛ የሰጠናት ማታ ማታ ከአባቷ ጋር ሳትጣላ የምታነብበትን ሁለት ሰዓት ነው። የቀረው የእርሷ ነው።